የያዘውን የማይለቀው ማን ነው?

(«ሦስቱ የይፕሲላንቲ ክርስቶሶች» በተባለው መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሂስ)

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው ቆም ብለን አንመረምረውም። ሞኙስ ይሁን፤ ሞኝ ነውና አንዴ የጨበጠውን ቢጎትቱት አይለቅም። ወረቀት ግን ምን በድሎ ነው ከሞኝ ጋር ባንድ ገመድ የታሰረው? ነገሩ ወዲህ ነው፦ አንዴ የተጻፈ ነገር፣ ውልም ይሁን ክስ፣ ደብዳቤም ይሁን መጽሐፍ፣ የጻፈው ሰው እንኳ ቢጸጸት እሱ የተጻፈበትን እንደያዘ ይኖራል። በዚህ እትም ልንሄሰው የተነሣነው መጽሐፍ የሁለቱም ታሪክ ነው። ሞኝ ተብለው በር የተዘጋባቸው ሦስት ሰዎች አሉበት፤ እነሱን በወረቀት የከበባቸው አንድ ምሁርም አለበት።

መጽሐፉ ለንባብ ክበባችን የደረሰው በአንድ ቅጂ ብቻ ነው። ጥራዙ ላልቶ፣ ጀርባው በፕላስተር ተለጥፎ፣ ከዶርም ዶርም ሲዞር ከርሞ ሁላችንም አንብበን ስንጨርሰው መንፈቀ ዓመቱ አለቀ። አርእስቱ ጆሮ ይቆረቁራል፤ አንዳንድ ጓደኞቻችንም ገና ስሙን ሲሰሙ «ይሄማ ድፍረት ነው» ብለው አንነካውም ብለው ነበር። ደራሲው ግን በማንም ሃይማኖት ላይ አልዘመተም። የጻፈው ስለ ሕሙማን ነው። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ጮክ ብለን ባነበብንባት ማታ፣ እውነቱን እንናገርና፣ ሆዳችንን ይዘን ስቀናል። ስለዚያ ሳቅ በኋላ እንመለስበታለን።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ማሳሰቢያ አለን። አንደኛ፣ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሁለተኛ፣ የሥነ ልቡና መጻሕፍት «ዴሉዥን» የሚሉትን ቃል አንዳንዶች «ቅዠት» እያሉ ይመልሱታል። ቅዠት ግን የሌለ ነገር ማየትንና መስማትንም ስለሚጨምር ያደናግራል። እኛ «የማይነቀል የሐሰት እምነት» ማለቱን መርጠናል። የተሻለ ቃል ያገኘ ይምጣ፤ በደስታ እንቀበላለን።

ደራሲው ሚልተን ሮኪች በ1918 ፖላንድ ውስጥ የተወለደ፣ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ የማኅበራዊ ሥነ ልቡና ሊቅ ነው። በ1960 ስለ ክፍትና ስለ ዝግ አእምሮ ባሳተመው መጽሐፍ ስሙ ይታወቃል። ዕድሜ ልኩን ያብሰለሰለው ጥያቄ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ሰው ካመናቸው ነገሮች ሁሉ የትኛው ቢነካበት ነው መላ ሰውነቱ የሚናጋው? የእግር ኳስ ቡድኑን ቢሰድቡበት ይቆጣል እንጂ አይፈርስም። «ስምህ ያንተ አይደለም፣ እናትህ እናትህ አይደለችም» ቢባልና ሰዉ ሁሉ በዚህ ቢተባበርበትስ?

ሮኪች ጥያቄውን መጀመሪያ የሞከረው በገዛ ቤቱ ነው። አንድ ማታ ማዕድ ላይ ሁለቱን ትንንሽ ሴት ልጆቹን ስማቸውን አለዋውጦ ጠራቸው። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። አባት ግን አልተወም። ጥቂት ቆይቶ ሳቁ ቀረና ጭንቅ ገባ፤ እንዲተውላቸው ለመኑት፤ ተወው። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይህን ያህል ከሆነ ለሳምንት፣ ለወር ቢቀጥል ምን ይመጣ ይሆን? በልጆች ላይ ይህን ማድረግ እንደማይገባ ሮኪች ራሱ ይናገራል። ታዲያ በልጅ ላይ የማይደረገው በማን ላይ ይደረግ? መልሱን ያገኘው ከአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። መጽሐፉን የምታነቡ ሁሉ እዚህ ገጽ ላይ ቁሙ እንላለን። የኋላው ጥፋት ሁሉ የተዘራው እዚህ ነው።

መነሻም ነበረው። ቮልቴር የጻፈው አንድ ታሪክ አለ፦ ሲሞን ሞረን የሚባል ፈረንሳዊ ክርስቶስ ነኝ ብሎ ተይዞ ከእብዶች ቤት ሲገባ «እግዚአብሔር አብ ነኝ» የሚል ሌላ ሰው አገኘ። በዚያ ሰው እብደት ተገረመና የራሱን አየበት፤ ለጊዜውም ልብ ገዛ። ኋላ ግን ተመልሶ በያዘው ጸና፤ በ1663 ፓሪስ ላይ በእሳት ተቃጠለ። ሮበርት ሊንድነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅም እያንዳንዳቸው «ድንግል ማርያም ነኝ» ይሉ የነበሩ ሁለት ሴቶች በሆስፒታል ተገናኝተው ከሁለቱ አንዷ እንደተሻላት ጽፏል። ሮኪች እነዚህን ይዞ ተነሣ። አንድ ማንነት ለሁለት ሰው አይበቃምና ባለቤት ነን ባዮቹን ቢያጋጥሟቸው አንዱ ይለቅ ይሆናል ብሎ ነው።

በዚህም መሠረት ከሚሺጋን ሆስፒታሎች ሦስት ሰዎች ተፈልገው ጁላይ 1 ቀን 1959 በይፕሲላንቲ ስቴት ሆስፒታል ባንድ ክፍል እንዲኖሩ ተደረገ። አልጋቸው ጎን ለጎን፣ ማዕዳቸው አንድ፣ ሥራቸው እዚያው ልብስ ማጠቢያው ቤት ሆነ። በየቀኑ ከተመራማሪዎቹ ጋር ስብሰባ ይቀመጣሉ። ይህ እስከ ኦገስት 15 ቀን 1961፣ ማለት ከሁለት ዓመት በላይ፣ ቆየ።

ሰዎቹን እንተዋወቃቸው። ስማቸው በመጽሐፉ ውስጥ የተለወጠ ነው። ክላይድ ቤንሰን የ70 ዓመት ሽማግሌ፣ ገበሬ የነበረ፣ ሚስቱንና ወላጆቹን ባጭር ጊዜ ውስጥ አጥቶ መጠጥ ላይ የወደቀ ሰው ነው። ጆሴፍ ካስል የ58 ዓመት፣ ካናዳ ኩቤክ የተወለደ፣ ደራሲ ልሁን ብሎ ያልሆነለት። ሦስተኛው ሌዎን ጋቦር ገና 38 ዓመቱ ነው፤ አባት በሌለበት ቤት፣ በጸሎት ብዛት ሌላውን ሁሉ በረሳች እናት እጅ ያደገ፤ አንድ ቀን ተነሥቶ የቤቱን መስቀልና ሥዕል ሁሉ ሰባብሮ «እኔ ነኝ» ያለ። እያንዳንዳቸውን ለብቻ ስናያቸው ያሳዝናሉ እንጂ አያስቁም። የሚያስቁን ባንድ ላይ ሲቀመጡ ነው። ይህ ስለነሱ ሳይሆን ስለ ተመልካቹ አንድ ነገር ይነግረናል።

ለመሆኑ ሲገናኙ ምን ሆነ? ሮኪች የጠበቀው አልሆነም። ማንም አልለቀቀም። ክላይድ «ሁለቱ ሞተዋል፤ የሚናገረው በውስጣቸው ያለ ማሽን ነው» አለ። ጆሴፍ «እነዚህ የእብዶች ሆስፒታል ውስጥ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ስለዚህ እብድ ናቸው» አለ፤ የሚናገረው ግን እዚያው ሆስፒታል ተቀምጦ ነው። ሌዎን ደግሞ ክብር ፈልገው ነው የሚዋሹት የሚል የተራቀቀ ትንታኔ አቀረበ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። ሦስቱም የጓደኛቸውን ስሕተት አብጠርጥረው ያያሉ። የጆሴፍን ክርክር አንድ የሎጂክ መምህር ቢያርመው ሙሉ ነጥብ ይሰጠው ነበር። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ክርክሩን ወደ ራሱ ማዞር።

መጀመሪያ ላይ ጠብ ነበረ። ክላይድ አንድ ጊዜ ሌዎንን ፊቱን መታው፤ ሌዎንም እጁን አጣጥፎ ዝም አለ። ጊዜ ሲያልፍ ግን ሮኪች ያልጠየቀው ነገር በዓይኑ ፊት ሆነ። ሦስቱ ሰዎች «ማን ነው እውነተኛው?» የሚለውን ነገር ሳይነጋገሩ በዘዴ ማለፍ ጀመሩ። ስብሰባውን በተራ ይመራሉ፣ ይዘምራሉ፣ ማንም ሳያስገድዳቸው አጠገብ ላጠገብ ይቀመጣሉ። ሌዎን እንዲያውም በ1960 ስሙን ለውጦ «እበት» ብላችሁ ጥሩኝ አለ። በልቡ የያዘውን አልለቀቀም፤ ሌላው እንዳይነካበት ግን ከእበት ሥር ሸሸገው። ይህ በእኛ አስተያየት ከመጽሐፉ ሁሉ የበለጠው ትምህርት ነው። ሦስት ባለ አንድ ዙፋን ሰዎች ሳይተማመኑ አብሮ መኖርን ተማሩ። በየስብሰባ አዳራሹ አንዲት አረፍተ ነገር ላይ ባለመስማማት የሚለያዩ ጤነኞችን የምናውቅ ሰዎች ይህን ስናነብ ትንሽ ልናፍር ይገባል።

ሮኪች ግን በዚህ አልረካም። መጋጨቱ ካላዳነ ሌላ ዘዴ ላምጣ አለ። ዘዴውም ወረቀት ሆነ። ሌዎን በሐሳቡ የፈጠራት ሚስት ነበረችው። ሮኪች በሷ ስም ለሌዎን ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ፤ በውስጡም ገንዘብ ያኖርበት ነበር። ለጆሴፍ ደግሞ ጆሴፍ እንደ አባት በሚያየው በሆስፒታሉ ኀላፊ ስም እየተጻፈ ይላክለት ጀመር፤ መድኃኒት ያልሆነ ክኒንም እንደ ታላቅ መድኃኒት ተደርጎ ተሰጠው። ሌዎን ለተወሰነ ጊዜ ታዘዘ። በስብሰባ የሚዘምረውን መዝሙር በደብዳቤው ትእዛዝ ለወጠ። ገንዘቡ ሲደርሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስንት ዓመት ማንም ምንም ያልላከለት ሰው ነው። በመጨረሻ ግን ደብዳቤዎቹን አልቀበልም አለ፤ ሚስት የተባለችውንም ተዋት። እምነቱ አልተነቀለም። የተነቀለው በዓለም ላይ የሚያስብልኝ አንድ ሰው አለ የሚለው ተስፋ ነው። እንግዲህ ማን ማንን አሳበደ?

ሌዎን ራሱ ጥያቄውን አንሥቶታል። ሮኪች በሌላ ቦታ ስለ ሦስቱ ያደረገውን ንግግር የሚዘግብ የጋዜጣ ቁራጭ በቀረበላቸው ጊዜ ሌዎን ተቆጥቶ፣ ሰውን ከሰው ለማናከስ የሚውል ሥነ ልቡና ሥነ ልቡና እንዳልሆነ ነግሮታል። እብድ የተባለው ሰው የምርምር ሥነ ምግባርን አስተማረ ማለት ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት በጥናት ላይ ስለሚውሉ ሰዎች ጥበቃ ሕግ ያወጣው ከዚያ በኋላ በ1974 ነው፤ ያውም በተስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር አሜሪካውያን ሳይታከሙ ሲጠኑ መኖራቸው ገሃድ ከወጣ በኋላ። ሌዎን ሕግ አውጪዎቹን ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሟቸዋል።

የመጽሐፉን በጎ ጎን ሳንናገር ብናልፍ ግን ፍርደ ገምድል እንሆናለን። በ1964 የታተመው ይህ መጽሐፍ የሕሙማኑን ንግግር እንዳለ ያስቀምጣል። ሮኪች እሱን የሚያሳጣውን የሌዎንን ተግሣጽ እንኳ አልሰረዘም። በሌሎች የሕክምና መጻሕፍት ሕመምተኛ ቁጥር ነው፣ ምልክት ነው። እዚህ ግን ሰዎቹ ይናገራሉ፤ እየተናገሩም ከደራሲው እጅ ያመልጣሉ። ጉድለቱ ደግሞ ይህ ነው፦ ደራሲው የራሱን እምነት አንድም ቦታ ለምርመራ አያቀርብም። የሦስቱ እምነት በየገጹ ይገለበጣል፤ «እኔ ካመቻቸሁት ሰው ይለወጣል» የሚለው የሱ እምነት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ማስረጃው ሁሉ ቢቃወመውም ንቅንቅ አላለም። አንድ ዘዴ ሲከሽፍ ሌላ ያመጣል እንጂ ሐሳቡ ራሱ ይከሽፋል አይልም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ መጽሐፉን ወርውረነው ነበር። ደግነቱ በ1981 እንደገና ሲታተም ሮኪች አዲስ መዝጊያ ጻፈለት። በዚያም ከሃያ ዓመት በኋላ ነገሩን መለስ ብሎ ሲያየው፣ በሳይንስ ስም እንኳ ቢሆን የሰዎቹን ሌሊትና ቀን እንደ ፈጣሪ ሆኖ የማመሰቃቀል መብት እንዳልነበረው ይናገራል። እሱ ሦስቱን አላዳናቸውም፤ እነሱ ግን ሁሉን አውቃለሁ፣ ሁሉን እችላለሁ ከሚለው ከራሱ ሕመም እንዳዳኑት ይመሰክራል። በዚያ ክፍል ውስጥ የማይነቀል የሐሰት እምነት የያዛቸው ሰዎች ሦስት ሳይሆኑ አራት ነበሩ ማለቱ ነው።

ቋንቋችን እዚህ ላይ አንድ ነገር ያግዘናል። በአማርኛ «አመነ» የሚለው ግሥ ሁለት ሥራ ይሠራል። «በእግዚአብሔር አመነ» እንላለን፤ «ጥፋቱን አመነ» ብለንም እንላለን። አንዱ መያዝ ነው፤ ሌላው መልቀቅ። ያው አንድ ግሥ መሆኑ በከንቱ አይመስለንም። እንግዲህ የዚህ ሂስ አሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ እምነትንና የማይነቀል የሐሰት እምነትን የሚለያቸው የሚታመነው ነገር እንግዳነት ወይም የአማኙ ቁጥር ብቻ አይደለም። ዋናው መለያ፣ ያመነ ሰው አስፈላጊ ሲሆን በሁለተኛው ትርጉም ደግሞ ማመን መቻሉ ነው።

ምሁራኑ ምን ይላሉ? ካርል ያስፐርስ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪምና ፈላስፋ በ1913 ሦስት ምልክት ሰጥቷል፦ ሰውዬው ከልክ በላይ እርግጠኛ ነው፤ ማስረጃ አይመልሰውም፤ የሚያምነውም ነገር ሊሆን የማይችል ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ደግሞ አንድ መውጫ በር ጨምሮበታል። እምነቱ የሰውየው ባህል ወይም ማኅበረሰብ የሚቀበለው ከሆነ ሕመም አይባልም ይላል። በሩ አስፈላጊ ነው። ይህ ባይኖር ኖሮ ከውጭ አገር የመጣ ነጭ ጋውን ለባሽ ሁሉ ዛር አለብኝ የምትለውን እናት፣ ቡዳ በላኝ የሚለውን ገበሬ እየለቀመ ሆስፒታል ባስገባ ነበር።

በሩ ግን ወደ ሌላም አቅጣጫ ይከፈታል። ብዙ ሆኖ የተሳሳተ ከምርመራ ያመልጣል። በኦክቶበር 2018 በምዕራብ ጎጃም አዲስ ዓለም በተባለች ከተማ ለምርምር የሄዱ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ልጆቻችንን ሊመርዙ መጡ በሚል ወሬ በተነሣ ሕዝብ ተደብድበው ተገደሉ። እንደኛው ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው የወጡ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው ብቻውን ተነሥቶ «መርፌ ይዘው ልጆቼን ሊገድሉ መጡ» እያለ ቢጮህ ኖሮ ዘመድ ሰብሰብ ብሎ ወይ ጠበል ወይ ሐኪም ቤት ይወስደው ነበር። መንደሩ ሁሉ ሲያምነው ግን ስሙ ሕመም መሆኑ ቀረ። ይህ ያልተማረ ሰው ችግር ነው የሚል ካለ ደግሞ በየስልካችን የሚደርሰንን፣ እኛ የተማርነው ሳናጣራ ለሰው የምናስተላልፈውን ወሬ ይቁጠር። ሌዎን እንኳ እምነቱን ለማንም አላስተላለፈም።

«ሳይንስስ?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። ሳይንስም ወረቀት ነው። ዴቪድ ሮዘንሃን በ1973 ባሳተመው ዝነኛ ጥናት ስምንት ጤነኛ ሰዎች ድምፅ እንሰማለን ብለው 12 ሆስፒታል መግባታቸውንና ሐኪሞቹ ጤነኛነታቸውን አለመለየታቸውን ጻፈ። ጥናቱ በየመማሪያ መጽሐፉ ገባ። እኛም በመግቢያ ኮርሳችን ተምረነዋል፤ በፈተናም መልሰነዋል። ሱዛና ካሃለን የተባለች ጋዜጠኛ በ2019 ባወጣችው መጽሐፍ ግን ሮዘንሃን ራሱ ለሐኪሞቹ የነገራቸው ምልክት በጥናቱ ከጻፈው የበለጠ እንደነበር ከሕክምና መዝገቡ አሳየች። ከስምንቱም አብዛኞቹን ፈልጋ አላገኘቻቸውም። ሳይንስን የምናከብረው ስለማይሳሳት አይደለም። ቢዘገይም በሁለተኛው ትርጉም ማመን የሚችልበት ሥርዓት ስላለው ነው። ሥርዓቱን ግን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው፤ ሰው ደግሞ የያዘውን አይወድም መልቀቅ።

የሆሊውድ ሰዎችም ታሪኩን በ2017 ፊልም አድርገውታል። ሪቻርድ ጊር ሐኪሙን ሆኖ ይጫወታል። ተዋንያኑ ጎበዞች ናቸው፤ ፊልሙ ግን ሐኪሙን ከጨካኝ ሆስፒታል ጋር የሚታገል ደግ ጀግና አደረገው። ሮኪች ሃያ ዓመት ፈጅቶበት የወረደውን ዙፋን ፊልሙ በሁለት ሰዓት ውስጥ መለሰለት። ዘመናዊው ባህል አዳኝ ሐኪም ይወዳል፤ የሚናዘዝ ሐኪም ገበያ የለውም መሰለን።

አሁን ስለ ሳቃችን። ያን ማታ እየሳቅን ስናነብ ደብዳቤዎቹ ጋ ስንደርስ ሳቁ ቆመ። ቀና ብለንም አልተያየንም። ምክንያቱን ለመጻፍ ሦስት ስብሰባ ፈጅቶብናል።

አብሮን የሚኖር አንድ ጓደኛ ነበረን። ስሙንና አገሩን አንጠራም። ዝምተኛ፣ ማስታወሻውን ለክፍሉ ሁሉ የሚያውስ ልጅ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ እንቅልፍ ራቀው። ቆይቶም የማታው ሬዲዮ ዜና አንባቢ በዜናው መካከል ለሱ ብቻ የሚሆን መልእክት እንደሚያስገባለት አጫወተን። ተከራከርነው። እያዘነልን «ለናንተ ገና አልተነገራችሁም» አለን። ኋላ «እስኪታዘዝልኝ» ብሎ ምግብ ተወ። ያኔ አንዳችን አንድ ሐሳብ አመጣ፤ ሁላችንም ተስማማን። ከሬዲዮ ጣቢያው የመጣ አስመስለን፣ ማኅተም የሚመስል ነገር አድርገንበት፣ «ምግብህን ብላ፣ ክፍል ግባ» የሚል ደብዳቤ ጻፍንለት። በላ። ክፍልም ገባ። እኛ ጮቤ ረገጥን፤ ሮኪችን ሳናነብ ሮኪችን ሆንን። ሁለተኛውን ደብዳቤ ስንጽፍ «ትምህርትህን ጨርስ፤ ጊዜው ሲደርስ እናስጠራሃለን» አልን። እሱ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የያዘው የመጨረሻዋን ቃል ነው። በማግስቱ ኮቱን ተኩሶ፣ ሻንጣውን ይዞ፣ ግቢው በር ላይ ተቀመጠ። ከንጋት እስከ ማታ መኪና ጠበቀ። ዝናብ መጣ፤ አልተነሣም። ግባ ስንለው ኪሱን መታ መታ አድርጎ «ደብዳቤ አለኝኮ» አለን።

ታላቅ ወንድሙ ከአገር ቤት መጥተው ወሰዱት። ሊሄዱ ሲሉ ያችን ወረቀት አውጥተው «ልጆች፣ ይህን የጻፉለት ሰዎች የት ነው የሚገኙት? እባካችሁ ንገሩኝ፤ እግራቸው ሥር ወድቄ ልለምንለት፤ ቢመጡለት ይሻለው ይሆናል» አሉን። እኛም «አናውቅም፣ ጋሼ» አልን። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው።

በሕመሙ ምክንያት እኛ ነን አንልም፤ ሕመሙ ከደብዳቤው በፊት ነበረ። ሕመሙን እንደ ተረት ማስዋብም አንፈልግም፤ እብደት ጥበብ ነው የሚሉ ገጣሚያን አንድ ሌሊት ከታመመ ሰው ጋር ይደሩ። የምንለው ሌላ ነው። እሱ በሁለተኛው ትርጉም ማመን ያቃተው አቅም አጥቶ ነው። እኛ ግን እየቻልን ነው ያላመንነው። ይህን ሂስ ከመጻፋችን በፊት ከክበባችን ሁለት ሰዎች ሄደው ለወንድሙ ነግረዋቸዋል። ጋሼ ብዙ ዝም ብለው ቆይተው «እሱ ግን ያውቃል?» አሉ። አያውቅም። አሁን ሕክምናውን ይከታተላል፤ ጠበሉንም አልተወ፤ ወንድሙ ሱቅ ቁጭ ብሎ ሒሳብ ይይዛል። ወረቀቷን ግን እስከ ዛሬ አጣጥፎ ይይዛታል። መቼና እንዴት እንደሚነገረው ሐኪሙና ወንድሙ ይወስናሉ፤ ሲፈቀድልን ቀርበን የምንነግረው እኛው ነን። ታሪኩን ያለ ስም እንድንጽፍ የፈቀዱልን ጋሼ ናቸው።

መጽሐፉን አንብቡት። ግን ከመጨረሻው ጀምሩ፤ የ1981ዱን መዝጊያ አንብባችሁ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ያን ጊዜ ማን እንደሚመረመርና ማን እንደሚመረምር በየገጹ ሲለዋወጥ ታያላችሁ። ይፕሲላንቲ ስቴት ሆስፒታል በ1991 ተዘግቷል፤ ሦስቱ ሰዎች ጎን ለጎን የተቀመጡበት ክፍልም የለም። ወረቀቱ ግን አለ፤ የያዘውን እንደያዘ። በዚህ ሂስ የማይስማማ፣ ወይም እንደኛ የሚያምነው ነገር ያለው ጓደኛ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።